ከመቀዳቱ በፊት የደረሰ ደም

ጂያን ሹዌ ወደ መቃብር በተሸኘች ዕለት የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ባደረጉት ንግግር ውስጥ ሦስት ስሕተት ነበር። ሃያ ዓመት አገለገለች አሉ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ነው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት አሉ፤ አባቷ በዕድሜው መረብ ጥሎ አያውቅም፣ የጨው ሠራተኛ ነበር። ሦስተኛው ይብሳል። “በዚያ በሁላችንም ዘንድ በሚታወቀው የልብ ጉዳይ ኮምፒውተራችን የሰዓቱን መዛባት ሲይዝ፣ እሷ በትጋት አግዛለች” አሉ። ኮምፒውተሩ ምንም አልያዘም። እንዲያውም ከተሳሳቱት ጋር አብሮ ተሳስቶ ነበር። የያዘችው ሹዌ ናት፤ የያዘችውም በእጅ በተጻፈ መዝገብ ነው። ሟች ተነሥታ ስለማታርም፣ ነገሩ እንደሆነው ሆኖ ቢጻፍ ይሻላል።

ሹዌ የተወለደችው ከታይናን ከተማ በስተሰሜን፣ በቤይመን የጨው መስክ ዳር ነው። አባቷ ከመስኩ ጨው እየጫነ በትከሻው ሸክም ወደ ሚዛኑ ይመላለስ ነበር። ሚዛኑ ዘንድ የሚቀመጠው ጸሐፊ የእያንዳንዱን ሰው ምልልስ ወዲያው አይጽፍም፤ ማታ ሲሆን እያስታወሰ ይሞላል። አንድ ቀን አባቷ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሶ አሥራ ስድስት ተጻፈለት። ቢከራከር ጸሐፊው ሳቀ። “ትከሻህ ነው የሚቆጥረው ወይስ እኔ?” አለው። ሹዌ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የከሰል ስባሪ ይዛ ሚዛኑ ሥር ተቀመጠችና፣ እያንዳንዱ ቅርጫት መሬት በነካበት ቅጽበት በሰሌዳ ላይ ጭረት መጫር ጀመረች። መጀመሪያ ተሳለቁባት። ወር ሳይሞላ ግን ጸሐፊው ራሱ ጎንበስ ብሎ፣ “አንቺ ልጅ፣ የዚያ የከንፈረ ወፍራሙ ስንት ደረሰ?” እያለ ይጠይቃት ጀመር።

አድጋ የላቦራቶሪ ትምህርት ተማረችና በሃያ አራት ዓመቷ እዚያው ታይናን አንድ ትልቅ ሆስፒታል ገባች። ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው በሚያይ ክፍል ውስጥ፣ ከሕሙማን የሚመጣውን ደም ትለካለች። ሥራው ጸጥ ያለ ነው። በሽተኛ አይታይም፤ የሚመጣው ቁጥር የተለጠፈበት ብልቃጥ ነው።

በገባች በሰባተኛው ዓመት አንድ ልብ ተጣለ። ለጋሹ አንጎሉ የሞተ ሰው ነበር፤ ቤተሰቡ ልቡን ሰጥቷል። ከደሙ ውስጥ ትሮፖኒን የሚባለው ነገር ተለካ። ልብ ሲጎዳ ሥጋው እየተላጠ ወደ ደም የሚያፈሰው ፕሮቲን ነው፤ ብዙ ከተገኘ ልቡ ተጎድቷል ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሆነ። ነገር ግን ያ ደም መቼ እንደተቀዳ የሚያውቅ ጠፋ፤ ልቡ በተጎዳበት ሰዓት ይሁን ወይስ ማገገም ከጀመረ በኋላ፣ የሚናገር አልነበረም። ሐኪሞቹ ፈሩና ተዉት። ልቡን ሲጠብቅ የነበረ የሠላሳ ስምንት ዓመት መምህር በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ማንም ሹዌን አልወቀሳትም። ብልቃጡን ከአመላላሹ እጅ የተቀበለችው ግን እሷ ነበረች፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደተቀበለችው አላስታወሰችም።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠንካራ ልባስ ያለው መዝገብ ይዛ መጣች። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የለጋሹ ተራ ቁጥር፣ ብልቃጡ እጇ የገባበት ሰዓት፣ የደሙ ቁጥር ይጻፋል። ከዚያ ቀጥሎ ሦስት ባዶ ሳጥኖች አሉ፤ የመጀመሪያው ቀን፣ ሦስተኛው ቀን፣ ሠላሳኛው ቀን። ልቡ ሌላ ሰው ደረት ውስጥ ከገባ በኋላ በእነዚህ ቀናት ምን እንደሆነ እየደወለች ትጠይቅና ትሞላቸዋለች፤ ተቀባዩ ቀኑ ላይ ካልደረሰ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። የተቀባዩም የሰጪውም ስም አይጻፍም። ማንም አላዘዛትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልዘለለችም።

በላቦራቶሪው ውስጥ ይህ ነገር የታወቀ ቀልድ ነበር። እዚያ ሰዎቹ በሥራ ቀን አናናስ አይበሉም፤ በሽተኛ ይጠራል ይባላል። በየመሣሪያው ራስ ላይ ደግሞ እንዳይበላሽ ብለው አረንጓዴ ከረጢት የበቆሎ ፍርፍር ያስቀምጣሉ። ሹዌ በከረጢቱ አታምንም፤ ግን የአገልግሎት ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን በትልቁ ጽፋ ለጥፋበታለች።

“እትዬ ሹዌ፣ የማያምኑበትን ነገር ቀኑን ለምን ይከታተላሉ?” ይላታል ዩ-ሃን፣ የሃያ ስምንት ዓመት የሥራ ባልደረባዋ።

“እናንተ ታምኑበት የለ? ካመናችሁበት አይቀር ጊዜው ያላለፈበት ይሁን።”

“ያንን መዝገብስ? ኮምፒውተሩ ሁሉን ነገር ይመዘግባል እኮ።”

“ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የነገሩትን ነው። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። አናናስ ሸተተኝ፣ አንተ ነህ?”

“የማንጎ ከረሜላ ነው!”

“ማንጎም ያው ነው ይላሉ። ወጥተህ ጨርሰው።”

የዳይሬክተሩ “የልብ ጉዳይ” የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሹዌ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሆናት ነው።

ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቱ ጂንሃይ የሚባል የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ተኝቶ ነበር። ሥራው በገበያ ውስጥ የወተት ዓሣ ከሚባለው ዓሣ አጥንት መልቀም ነው፤ ከአንድ ዓሣ ከሁለት መቶ በላይ ቀጫጭን አጥንት በመቆንጠጫ ይነቅላል። ጉንፋን መስሎ የጀመረው በሽታ ልቡን በላው። ደሙን ከሰውነቱ ውጭ የሚያዘዋውርለት መሣሪያ ላይ ከዋለ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፤ ደሙም በመሣሪያው ቱቦ ውስጥ መርጋት ጀምሯል። የቀዶ ሕክምናው ኃላፊ ዶክተር ፓን ለሚስቱ፣ “ሦስት ቀን። ግፋ ቢል አራት” ብሏታል። ሹዌ ሰውየውን አይታው አታውቅም፤ ግን የእሱን ደም በየቀኑ ጠዋትና ማታ የምትለካው እሷ ስለነበረች፣ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ከሚስቱ ቀድማ ታውቅ ነበር።

በዚያው ሆስፒታል ስድስተኛ ፎቅ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሞተር ብስክሌቱ እርጥብ መንገድ ላይ ያንሸራተተው የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበር። መንገድ ዳር ልቡ ቆሞ አሥራ አራት ደቂቃ ደረቱን ሲጫኑለት ቆይተው ነበር የመለሱት። ልቡ ተመለሰ፤ አንጎሉ አልተመለሰም። ከንቅለ ተከላው ቡድን ጋር የማይገናኙ ሐኪሞች ሁለት ጊዜ መርምረው መሞቱን አረጋገጡ። ያሳደገችው አያቱ ናት፤ አሮጊቷ አሰበችበትና በልቡ መሰጠት ተስማማች። አንድ ነገር ብቻ ለመነች። መልካም ሰዓት ከቀን መቁጠሪያ እያነበበ የሚነግር ሽማግሌ ጠይቃ ነበር፤ ለሌላ ሰው ተብሎ ከልጁ የሚወሰደው የመጀመሪያው ነገር፣ ጠብታ ደም እንኳ ቢሆን፣ በዝንጀሮ ሰዓት ይወሰድ፤ ይኸውም ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። መነሻው በመልካም ሰዓት ከሆነ ቀሪው መንገዱን አያጣም። ነርሷ ካይ-ቲንግ “እሺ እማማ” አለች።

ቃሏ ከደንቡ ጋር ተጋጨ። ደንቡ የለጋሽ ደም ጠዋት በማለዳ እንዲቀዳና ከስድስት ሰዓት በኋላ እንዲደገም ያዛል።

የሆነው ይህ ነው። ካይ-ቲንግ አሮጊቷ ፊቷን ልትታጠብ በወጣችበት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ የመጀመሪያውን ደም ቀዳች። ሁለተኛውን ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ የቀዳችው ስለ አሮጊቷ ልመና ምንም ያልሰማች ሌላ ነርስ ናት፤ ካይ-ቲንግም አሮጊቷም ምሳ ላይ ነበሩ። ሌላይቱ ሰዓቱን በትክክል በቅጹ ላይ አስገባች። ካይ-ቲንግ የራሷን መስመር ልትሞላ ስትቀመጥ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ አሮጊቷ ደግሞ አጠገቧ ወንበር ስባ ስክሪኑን ታይ ነበር። ማንበብ አትችልም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። “ስንት ሰዓት ተባለ?” ብላ ጠየቀች። ካይ-ቲንግም ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ብላ ጻፈች። አሮጊቷ የነርሷን እጅ ያዘችና ሳመችው።

ቅጹ ሰዓት ተከትሎ ራሱ ይደረድራል። የጠዋቱ ደም ቁጥር 4.8 ነበር፤ የቀትር በኋላው 3.1። ልቡ እያገገመ ነበር ማለት ነው፤ መንገድ ዳር ሲጫኑት የተጎዳው ሥጋ ማፍሰሱን እየተወ ነበር። በቅጹ ላይ ግን ተገለባብጦ፣ ሰባት ሰዓት ላይ 3.1 የነበረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ 4.8 ገባ። እየሞተ ያለ ልብ መሰለ። የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ሊያርመው ይገባ ነበር፤ የሚያሳየው ግን ብልቃጡ የገባበትን ሳይሆን ውጤቱ የጸደቀበትን ሰዓት ነው። የጠዋቱ ደም ከመሣሪያው ጣሪያ በላይ ስለወጣ ቀጥኖ እንደገና መለካት ነበረበት፤ የማቅጠኛው ክፍል ደግሞ ተበላሽቶ ከሰዓት በኋላ ነው የተጠገነው። ስለዚህ የጠዋቱ ደም ውጤት የጸደቀው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከሁለተኛው በኋላ ነው። ሁለቱ ስሕተቶች ተገጣጥመው አንድ እውነት መሰሉ።

ቅጹ በአገሪቱ ውስጥ ልብ ለሚጠብቁ ሆስፒታሎች በየተራቸው ደረሰ። አንዱ እንቢ አለ። ሁለተኛው እንቢ አለ። ሦስተኛውም፦ “ትሮፖኒን እየጨመረ ነው፤ አንቀበልም።” አራተኛውና በደም ዓይነትና በቁመት የሚስማማ በሽተኛ ያለው የመጨረሻው፣ እዚያው ከበላዩ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለው የዶክተር ፓን ክፍል ነበር።

ሹዌ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ መዝገቧን ከፍታ ሁለት መቶ ሠላሳ አንደኛውን መስመር ለመሙላት ስክሪኑን አየች። አየችና እንደገና አየች።

“ዩ-ሃን፣ ከስድስተኛ ፎቅ የለጋሽ ደም ዛሬ ስንት ጊዜ መጣ?”

“ሁለት ጊዜ።”

“ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቷል?”

“ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውጤቱ ወጣ እንጂ…”

“ውጤት አልጠየቅሁህም። ብልቃጥ ነው ያልኩህ።”

ዩ-ሃን ራሱን አከከ። “አላስታውስም፣ እትዬ።”

መዝገቡን አዞረችለት። በሰማያዊ ቀለም፣ በዚያ በደቃቅ ጽሕፈቷ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት፤ ከሥሩ ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት። ሌላ የለም። ማቀዝቀዣውን ከፍታ መደርደሪያውን አወጣች፤ ሁለት ብልቃጥ። የ4.8ቱን ክዳን ገልብጣ የራሷን ምልክት አሳየችው፤ አንድ ጭረት፣ የመጀመሪያው ማለት ነው።

“ይህ ደም ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ተቀዳ ይላሉ” አለች። “እኔ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ተቀብዬዋለሁ። ከመቀዳቱ በፊት የሚደርስ ደም አይተህ ታውቃለህ?”

ዩ-ሃን ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

ስልኩን አነሣችና ዶክተር ፓን ጋ ደወለች።

“እትዬ ሹዌ፣ አጭር ያድርጉልኝ። እንቢታዬን እየጻፍኩ ነው።”

“አይጻፉ።”

“ምን?”

“ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። 4.8 የጠዋት ነው። እየወረደ ነው እንጂ እየወጣ አይደለም።”

ሰው ጥርሱን ሲነክስ በስልክም ይሰማል። “እርግጠኛ ነዎት?”

“ብልቃጡ መቼ እጄ እንደገባ እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ በላይ አልምልም።”

“ሦስት ሆስፒታሎች ተሳስተዋል ነው የሚሉኝ?”

“እነሱ አልተሳሳቱም። የተሰጣቸውን ነው ያነበቡት። ሦስተኛ ደም ይቀዳና ይዩት። ከ3.1 ካነሰ እኔ ትክክል ነኝ። ከበለጠ መዝገቤን ወስደው ይጣሉት።”

“መዝገብዎ ስለ እንዲህ ያለ ልብ ምን ይላል? ያንን ይንገሩኝ።”

ገጽ መግለጥ አላስፈለጋትም፤ ሆኖም ገለጠች፤ በቃል መናገር አትወድም። “ከአራት በላይ ጀምረው እየወረዱ ሳለ የተወሰዱ አሥራ አንድ ናቸው። ዘጠኙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ መሣሪያ ሠርተዋል። አንዱ ሦስት ቀን ታግዞ ዳነ። አንዱ አልዳነም።”

“እየጨመሩ የተወሰዱትስ?”

“ሁለት። የሁለቱም ሠላሳኛው ሳጥን ባዶ ነው።”

“አንድ ሰዓት ሰጥቼዎታለሁ” አለ ፓን። “ከዚያ በኋላ እኔም መልስ መስጠት አለብኝ።”

ሹዌ ወደ ላይ ወጥታ አታውቅም ማለት ይቻላል። ያን ዕለት መዝገቡን በብብቷ ይዛ፣ ማንሻው እስኪመጣ ሳትጠብቅ በደረጃው ወጣች። አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደረሰች። ካይ-ቲንግ በመድኃኒት ጋሪው አጠገብ ቆማለች። ሹዌ መዝገቡን ጋሪው ላይ ዘርግታ ጣቷን በመስመሩ ላይ አሳረፈች። ካይ-ቲንግ አነበበችና ፊቷ ወረቀት መሰለ።

“ለአያቱ ብዬ ነው” አለች። “ሰዓቱን ብቻ ነው የቀየርኩት። ቁጥሩ ያው ነው ብዬ…”

“ቁጥሩ ያው ነው። ግን ቁጥር ያለ ሰዓት ዕውር ነው፤ የመራውን ሁሉ ይከተላል። ሦስት ቦታ እንቢ ተብሏል።”

“ውይ! ውይ እኔን!” ልጅቷ ሁለት እጇን በአፏ ላይ አደረገች።

“ኋላ ታለቅሻለሽ። አሁን ቅጂ።”

“ሦስተኛ ደም? እማማን ምን ልበላት? መጀመሪያውን በሰዓቱ ነው የቀዳሁት ብያታለሁ!”

“ምን ትይኛለሽ?” አለ ከመጋረጃው በስተኋላ የመጣ ድምፅ። አሮጊቷ ናት። ጠባብ ትከሻ፣ አጭር የተቆረጠ ሽበት፣ እግሯ ላይ የሆስፒታል ነጠላ ጫማ። ሁሉን ሰምታለች። ካይ-ቲንግን ሳይሆን ሹዌን ተመለከተች። “አንቺ ማነሽ ደግሞ?”

“ደሙን የምለካው ነኝ፣ እማማ።”

“ዋሽታኛለች?”

ሹዌ ልታለሳልስ ትችል ነበር። “አዎ” አለች። “በደግነት ነው። ግን ዋሽታለች። የመጀመሪያው ደም ጠዋት ነው የተቀዳው። በዚህ ምክንያት የልጅዎ ልብ ለማንም ሳይደርስ ሊቀር ነው።”

አሮጊቷ አልጮኸችም። ወደ አልጋው ዞራ የልጁን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ያዘች። “እኔ ነኝ ያዋሸኋት” አለች ቆይታ። “ዓይኗ ሥር ተቀምጬ ስንት ሰዓት ስንት ሰዓት ስል። አሁን ስንት ሰዓት ነው?”

“አሥር ሰዓት ከአርባ ስድስት።”

“አሥራ አንድ አልሞላም?”

“አልሞላም።”

“እንግዲያ ምን ትገተራላችሁ? የጠዋቱ ለሐኪም ይሁን፤ የአሁኑ ለሰው ይሁን። ቅጂ አንቺ ልጅ! እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ፣ መርፌ ይፈራ ነበር።”

ካይ-ቲንግ ቀዳች። ሹዌ የግድግዳውን ሰዓት አየች፣ የራሷንም አየች፣ በብልቃጡ ላይ በገዛ እጇ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ብላ ጻፈች። ከዚያ ለአመላላሽ አልሰጠችም፤ ብልቃጡን በመዳፏ ይዛ በደረጃው ወረደች።

ደሙ ተሽከርክሮ እስኪለይ ጠበቀች፤ መሣሪያው ሲያነብም ጠበቀች። በዚህ ጊዜ ሁሉ ዩ-ሃን ከጎኗ ቆሞ ነበር። ሹዌ ያሰበችው ሰባተኛ ፎቅ ስላለው ሰው ነው፤ ጠዋት የለካችውን ደሙን አስታወሰች፤ ኩላሊቱ መድከም ጀምሯል። ሦስት ቀን አይቆይም። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከወጣ መዝገቧ ሞኝነት ይሆናል፤ እሱንስ ትችለዋለች። ዝቅ ብሎ ከወጣ ግን ለሃያ ሰባት ዓመት ሰዓት ስትጽፍ የኖረችው ለዚህ ሰው ነበር ማለት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ስክሪኑ ላይ 2.2 ወጣ።

ዩ-ሃን እንደ ልጅ ዘለለ። “ወረደ! እትዬ፣ ወረደ!”

“አትጩህ፣ መሣሪያው ይደነግጣል” አለች። ስልኩን አነሣች። “ሁለት ነጥብ ሁለት፣ ዶክተር። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ተቀድቶ፣ እኔው አምጥቼ፣ እኔው ለካሁት።”

“እቀበላለሁ” አለ ዶክተር ፓን። ቀጥሎም፣ “እትዬ ሹዌ፣ መዝገቡን የሚጥለው የለም” አለ።

ቀዶ ሕክምናው በዚያው ዕለት ተሠራ። ሹዌ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወለች፤ ልቡ ያለ ረዳት መሣሪያ ይመታል። በሦስተኛው ቀን ደወለች፤ ሰውየው የመተንፈሻ ቱቦው ወጥቶለት ውሃ ጠይቋል። ሁለት ሳጥን ሞላች።

በመካከሉ ስለ ካይ-ቲንግ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀጧት ነበር፤ አንዱ ኃላፊ ከሥራ ትሰናበት አለ። ሹዌም ለምስክርነት ተጠርታ ነበር፤ መዝገቧን ይዛ ገባች። የተናገረችው በቃለ ጉባኤው ላይ አለ፦ “ልጅቷ አጥፍታለች። ቅጹም አጥፍቷል። ቤተሰብ ሁሉ ሰዓት ይመርጣል፤ እኛም ሁላችን ስንዳርና ስንቀብር እንመርጣለን። ይህን እያወቅን በቅጹ ላይ ቦታ አልሰጠነውም። ቦታ ያላገኘ ነገር የሌላውን ቦታ ይቀማል። ለደግነት የራሱን ሳጥን ስጡት።” ካይ-ቲንግ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ ተሰጣት። ቅጹ ተቀየረ፤ “የተቀዳበት ሰዓት” ከሚለው ሥር “ቤተሰቡ የመረጠው ሰዓት” የሚል መስመር ገባ። ብልቃጥ የደረሰበት ሰዓትም በኮምፒውተሩ ላይ እንዲታይ ተደረገ። ዩ-ሃን አረንጓዴውን ከረጢት በሹዌ መዝገብ ላይ አስቀምጦ ተገኘ፤ ቢጠየቅ፣ “እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳይበላሽ የምፈልገው መሣሪያ ይሄ ነው” አለ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ አሮጊቷ የላቦራቶሪው መስኮት ዘንድ መጣች። በላስቲክ ጥቂት ሎሚ ይዛለች።

“ልቡ ለማን እንደሄደ አልጠይቅሽም” አለች። “መጠየቅ አይፈቀድም ብለውኛል።”

“አይፈቀድም፣ እማማ።”

“መንገዱን አገኘ ወይ ብዬስ ብጠይቅ?”

ሹዌ አሰበች። ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከግማሹ በላይ ሲረቀቅ አብራ ነበረች። ከዚያ መዝገቡን አመጣችና በመስኮቱ ደፍ ላይ ከፈተችው። በመስመሩ ላይ ስም የለም፤ ቁጥርና ሰዓት ብቻ ነው።

“ማንበብ አልችልም” አለች አሮጊቷ።

“እኔ አነብልዎታለሁ። የመጀመሪያው ቀን፦ ልቡ ያለ መሣሪያ ሠራ። ሦስተኛው ቀን፦ በራሱ ተነፈሰ፣ ውሃ ጠጣ። ሠላሳኛው ቀን ትናንት ነበር።” ሹዌ መነጽሯን አስተካከለች። “በእግሩ ሦስት መቶ ሜትር ሄደ።”

“በእግሩ?”

“በእግሩ።”

“አይ የኔ ልጅ!” አሮጊቷ መዳፏን በደረቷ ላይ መታች። “ጥግ ድረስ ወተት ሊገዛ እንኳ በሞተር ነበር የሚሄደው። ሃያ ስድስት ዓመት ስጮኽበት ያልሰማኝ ልጅ፣ አሁን ልቡ በእግር መሄድ ተማረ በይኛ!”

ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው አሮጊቷ ጣቷን ዘርግታ ሠላሳኛው ሳጥን ላይ፣ ቀለሙ በደረቀበት ጽሕፈት ላይ አሳረፈች።

“ይህ ነው?”

“ይህ ነው።”

“ሞልቷል?”

“ሞልቷል፣ እማማ” አለች ሹዌ። “ሦስቱም ሞልተዋል።”